ከሲያትል እስከ ሳንዲያጎ በመኪና፦ ጥሩ ምግብ ቤትና ፐብ እንዴት ነው ምትመርጡት?

ኮሎራዶ_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ከሲያትል ተነስተን በመኪና ወደ ታች እየወረድን ፖርትላንድ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) ብለን ሳንዲያጎ ላይ ልንጨርስ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 አመት ልጃችንና ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን የሚመጣው ታናሽ ወንድሜ ነን። ሆቴሉ አልቋል፣ መንዳቱም አይከብደኝም፣ የጨነቀኝ የምንበላበትና የምንጠጣበት ቦታ ነው። ባህር ዳር ያለ ከተማ ስንሄድ ሁሌ ሚያጋጥመን አንድ አይነት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስንዞር ውለን ሲርበን ውሃው ዳር ያገኘነው ቤት እንገባለን፣ እይታው ያምራል፣ ሜኑው አያልቅም፣ ከዛ የሚመጣው ፍሪዘር ውስጥ የከረመ አሳ በዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ደሞ ታክስ፣ እሱ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ፣ እሱ ላይ ቲፕ። አፑ ላይ ግን አራት ተኩል ኮከብ ነበረው።

ስለዚህ የቤት ስም ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምትመርጡ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሁኔታችን እንዲህ ነው፣ ባለቤቴ ረቡዕና አርብ ትፆማለች፣ ከመስከረም 26 በኋላ ደሞ ጽጌንም ስለምትፆም የጉዞው መጨረሻ በሙሉ ፆም ነው፣ እና እኛ ስንበላ እሷ ሰላጣና የድንች ጥብስ ይዛ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ወንድሜ ቢራ ይወዳል፣ የአካባቢውን ቢራ ቁጭ ብሎ እያወራ መቅመስ ነው ሚፈልገው እንጂ ጭፈራ ቤት አይደለም። ልጅ ይዞ ፐብ መግባት ይቻላል ወይ? ለአንድ እራት ከ150 ዶላር ባንበልጥ ጥሩ ነበር። የሀበሻ ቤትም አልጠላም፣ ግን ወንድሜ አዲስ አበባ የሚያገኘውን ለመብላት አይደለም ይሄን ሁሉ መንገድ የሚመጣው።

ባላርድ_ሰፈር፦

ወንድሜ እንኳን ወደኛ መጣህ። እኔ ሲያትል ዳውንታውን ሰርቨር (አስተናጋጅ) ነኝ፣ እንግዶች ይሄንኑ ነው ሁሌ የሚጠይቁኝ፣ ምመልስላቸውም አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ከተማው ራሱ የሚበላውን እወቁ፣ ከዛ እሱን የሚሰሩበት ሰፈር ሂዱ፣ ኮከቡን መጨረሻ እዩት። ባዶ ሆናችሁ "ቤስት ሬስቶራንት" ብላችሁ ከፈለጋችሁ አፑ ቅርብ ያለውንና ብዙ ቱሪስት የፃፈበትን ነው የሚያመጣው።

የሲያትል ሰው የሚበላው ሳልመን አሳ፣ ኦይስተር (ከነቅርፊቱ የሚቀርብ የባህር ምግብ)፣ ፎ የሚባለው የቬትናሞች ኑድል ሾርባ፣ ከዛ ቴሪያኪ ነው። ቴሪያኪ ስልህ ውድ የጃፓን ሬስቶራንት አይምሰልህ፣ በ1976 ቶሺ ካሳሃራ የሚባል ሰው እዚህ ትንሽ ቤት ከፍቶ ነው የጀመረው፣ ዶሮው ጣፈጥ ባለ ሶስ ግሪል ተደርጎ ከሩዝ ጋ ይመጣል፣ ዛሬ በየሰፈሩ አለ፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ልጅ ይወደዋል፣ ቤቶቹ ከውጪ ሲታዩ ምንም ስለማይመስሉ እንግዳ አልፏቸው ነው የሚሄደው። ፓይክ ፕሌስ ማርኬት መቅረት የለበትም፣ ከ1907 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፣ ግን ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱና እየዞራችሁ ቅመሱ፣ እራታችሁን ሌላ ቦታ አድርጉት። ለኦይስተር ቴይለር ሼልፊሽ ግቡ፣ ከ1890ዎቹ ጀምሮ በዛው ባህር ላይ ሲያረቡ የኖሩ ቤተሰብ ናቸው፣ የራሳቸውን ነው የሚያቀርቡት። ጥሬውን የማይደፍር ካለ በእሳት የበሰለውን ያስቀድም።

ስለ ሂሳቡ ደሞ፣ እዚህ ከተማ ጥሩ ቤት በቅናሽ መብላት ከፈለክ ሃፒ አወር ነው መንገዱ። ብዙዎቹ ከሰዓት በፈረንጅ ከ3 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው የሚያደርጉት፣ መጠጡ ብቻ ሳይሆን ምግቡም ይቀንሳል፣ ልጅ ካላችሁ ደሞ በ4 ተኩል እራት መብላት ለናንተም ይመቻል። ማታ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ ቤቱ እስከ 11 ክፍት ነው ሲል ኪችኑ እስከ 11 ይሰራል ማለት አይደለም፣ 9 ላይ የሚዘጋ ሞልቷል፣ ስለዚህ ደውለህ "ኪችኑ መቼ ነው የሚዘጋው" ብለህ ጠይቅ። ሰኞና ማክሰኞ የሚዘጉም ብዙ ናቸው።

ቢራውን በተመለከተ ወንድምህ በደህና ጊዜ ነው የሚመጣው። ከአሜሪካ ሆፕስ ሶስት አራተኛ የሚሆነው የሚበቅለው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነው፣ አብዛኛው ያኪማ ሸለቆ፣ ሆፕስ ለቢራ ማለት ጌሾ ለጠላ ማለት ነው። የሚለቀመው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ስለሆነ ወዲያው ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚጠመቅ "ፍሬሽ ሆፕ" የሚባል ቢራ ይወጣል፣ በአመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚገኘው፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ትደርሱበታላችሁ። ባላርድ ሰፈር ሂዱ፣ በእግር የሚዳረሱ ብሩወሪዎች (ቢራ እዛው የሚጠምቁ ቤቶች) ተደርድረዋል፣ ሩበንስ፣ ስቱፕ፣ ሌሎችም፣ አብዛኞቹ ኪችን የላቸውም፣ በር ላይ ፉድ ትራክ ይቆማል ወይ የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ልጅም ብዙዎቹ ያስገባሉ። በሩ ላይ "21+" የሚል ካያችሁ ግን ልጁ አይገባም፣ አትከራከሩ።

ለባለቤትህ 12ኛና ጃክሰን ጋ ያለው የቬትናሞች ሰፈር በጣም ጥሩ ነው፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ነው የሚሰራው) እዛው ሰርተው የሚሸጡ ቤቶች አሉ። በተረፈ ቼሪ ስትሪትና ሬኒየር አካባቢ ያሉት የሀበሻ ቤቶች የፆም በያይነቱ አላቸው። ኤርፖርት ላይ የሚያነሳህ የኡበር ሹፌርም ሆነ ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሰራው ልጅ ሀበሻ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ የት እንደሚበሉ ጠይቋቸው፣ ከተማውን ቀንና ማታ የሚዞሩት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ እዚህ ካውንቲ ከ2017 ጀምሮ ምግብ ቤት መስኮት ላይ የንፅህና ምርመራ ውጤት በፊት ምስል ይለጠፋል፣ በጣም የሚስቅ ፊት ካለ ጥሩ ነው። ጣዕሙን አይነግርህም ግን ልጅ ይዘህ ስለሆነ ማየቱ አይከፋም።

ፖርትላንድ_ዝናብ፦

እህቴ የሲያትሉን ጨርሰሽዋል። እኔ ፖርትላንድን ልጨምር፣ ምክንያቱም ላንተ ቤተሰብ ከሁሉም የሚመቸው ከተማ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ ኦሪገን ሴልስ ታክስ የለም፣ ሜኑው ላይ ያየኸው ዋጋ ነው ሂሳቡ ላይ የሚመጣው፣ ቲፕ ብቻ ትጨምራለህ። ሁለተኛ ፉድ ካርት። አንድ ግቢ ውስጥ ስምንትም አስራ አምስትም ትንንሽ ካርቶች ይደረደራሉ፣ መሃሉ ላይ ጠረጴዛ አለ፣ አንዱ ታይ አንዱ ሜክሲኮ አንዱ ግብፅ አንዱ ቪጋን ብቻ ይሰራል፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን አዝዛችሁ አንድ ጠረጴዛ ትበላላችሁ፣ የሚፆምና የማይፆም ሰው አብሮ ለመብላት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሚሲሲፒ አቬኑ ላይ ፕሮስት የሚባል የጀርመን ቢራ ቤት አለ፣ አጠገቡ የካርት ግቢ ነው፣ ምግቡን ከካርት ገዝተህ ቢራ ቤቱ ውስጥ መብላት ትችላለህ። ካርቶቹን ዳውንታውን የድሮው ቦታ ፍለጋ እንዳትሄድ፣ አልደር ስትሪት የነበረው ትልቁ ግቢ በ2019 ለህንፃ ተብሎ ተነስቷል፣ የድሮ ብሎጎች ግን አሁንም ወደዛ ይልካሉ። ለዛ ነው የሪቪው ቀን ማየት ያለብህ።

ሶስተኛ፣ ኦሪገን ውስጥ ጠንከር ያለ መጠጥ የሚሸጥ ባር ምግብ ማቅረብም በህግ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ ተራ የሚመስል የሰፈር ባር ውስጥ የሚገርም ምግብ ታገኛለህ። ፐብ ከልጅ ጋር ካልክ ደሞ ኬኔዲ ስኩል ሂዱ፣ በ1915 የተሰራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፣ ማክሜናሚንስ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1997 ሆቴልና ፐብ አድርገው ከፈቱት፣ ክፍሎቹ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ሳይቀር አለ፣ ኮሪደሩ ላይ የድሮ ፎቶዎች፣ ሲኒማም አለው። ምግቡ ተአምር አይደለም፣ የምሄደው ለቤቱ ነው። ከነሱ ቢራ የተሻለ ቢራ ፖርትላንድ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን በ1985 ብሩወሪ እዛው በጠመቀበት ቦታ ቀድቶ እንዲሸጥ የሚፈቅደው ህግ እንዲወጣ ከታገሉት መሃል ስለሆኑ ክብር ይገባቸዋል፣ ያ ህግ ባይወጣ ዛሬ የምናየው ፐብ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ለባለቤትህ አንድ ምክር፣ "ቬጂቴሪያን" ብላ እንዳታዝ፣ ቅቤና አይብ እንቁላልም ይገባበታል፣ "ቪጋን" ትበል። ፖርትላንድ ሁሉም ይገባቸዋል። ታይና ቬትናም ቤት ስትገባ ደሞ የአሳ ሶስ እንዳይጨምሩ ትንገራቸው፣ አትክልት ብቻ የሚመስል ምግብ ውስጥም ያደርጉታል።

የኦክላንዷ፦

ስለ ኮከቡ ትንሽ ልቃወም። ሪቪው ጥቅም የለውም አይባልም፣ አነባበቡ ነው እንጂ። እኔ መጀመሪያ በቅርብ ጊዜ የተፃፉትን አወጣና ኮከቡን ሳይሆን የምግቡን ስም ነው የምፈልገው፣ ብዙ ሰው ያንኑ አንድ ምግብ በስሙ እየጠራ ካመሰገነ እሱን አዝዛለሁ፣ "ቪው ግሩም ነው፣ ሰርቪስ ግሩም ነው" ብቻ ከሆነ እተወዋለሁ። ከዛ ሰው ያነሳቸውን ፎቶዎች አያለሁ፣ ቤቱ የለጠፋቸውን አይደለም። ሜኑው አጭር ከሆነ ደስ ይለኛል። በተረፈ የከተማው ጋዜጣ የምግብ ፀሃፊዎች ዝርዝር ከአፕ ይሻላል፣ ሰዎቹ እየከፈሉ ደጋግመው በልተው ነው የሚፅፉት።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፊሸርማንስ ዋርፍ እራት አትብሉ። ባህር አንበሶቹን ለልጁ አሳዩት፣ ከዛ ውጡ። ክራብ (ሸርጣን) ከፈለጋችሁ ደሞ እወቁት፣ የዚህ አካባቢ የደንጀነስ ክራብ ሲዝን በኖርማል ኖቬምበር ነው የሚጀምረው፣ አሁን አሁን አሳ ነባሪዎች በገመዱ እንዳይጠላለፉ ተብሎ እስከ ጃንዋሪም ይገፋል፣ ስለዚህ ኦክቶበር ላይ "ፍሬሽ የኛ ክራብ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁት። የባህር ምግብ ከተባለ ፖልክ ስትሪት ላይ ስዋን ኦይስተር ዲፖ አለ፣ ከ1912 ጀምሮ፣ አንድ ረጅም ባንኮኒ ብቻ ነው፣ ካሽ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ሪዘርቬሽን የለም፣ እራት የለም፣ ከሰዓት በጊዜ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ሳይከፈት ካልተሰለፋችሁ ብዙ ትቆማላችሁ። ከልጅ ጋር ሰልፉ ይከብዳል ብዬ እፈራለሁ። ታዲች ግሪል ከ1849 ጀምሮ ያለ ነው፣ ቺዮፒኖ የሚባለውን የአሳና የክራብ የቲማቲም ወጥ እዛ መብላት ይቻላል፣ ቺዮፒኖ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ የጣሊያን አሳ አስጋሪዎች ናቸው ያመጡት። ዋጋው ግን ባጀትህን ሊነካው ይችላል፣ ምሳ ላይ አንዱን ለሁለት ተካፈሉት።

እኔ ብሆን ግን ሚሽን ሰፈር ነው የምወስዳችሁ። 24ኛ ስትሪት የባርት ባቡር ጣቢያ አካባቢ ኤል ፋሮሊቶ ለሊት ድረስ ቡሪቶ (ስጋና ባቄላ በቂጣ ተጠቅልሎ) ይሰራል፣ ላ ታኬሪያ ደሞ ሩዝ የማይጨምርበት ቡሪቶ አለው፣ የትኛው ይበልጣል በሚለው የከተማው ሰው እስከዛሬ አልተስማማም። ለፆም ሲሆን "ባቄላው ላርድ አለው ወይ" ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዱ በአሳማ ስብ ነው የሚያበስለው። እዛው ሚሽን ሺዘን የሚባል ሙሉ በሙሉ ቪጋን የሆነ የሱሺ ቤት አለ፣ ወረፋ አለው ግን ባለቤትህ ለምን እንደተወራለት ይገባታል።

ቢራ ለወንድምህ፣ ሄይት ስትሪት ላይ ቶሮናዶ፣ በ1987 የተከፈተ፣ ጠባብ ጨለም ያለ ቤት ነው፣ ድራፍቱ ተፅፎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ልጅ አይገባም፣ ሁለታችሁ ብቻ ሂዱ። አንከር ብሩዊንግን የሚጠቁም ካገኛችሁ ያረጀ መረጃ ነው፣ ከ1896 ጀምሮ የነበረው ቤት በ2023 ተዘግቷል፣ ለብዙዎቻችን ሀዘን ነበር።

ሂሳቡ ላይ "ኤስኤፍ ማንዴት" የሚል ተጨማሪ ፐርሰንት ታያላችሁ፣ ከተማው ቀጣሪዎች ለሰራተኛ ጤና እንዲያወጡ ስለሚያስገድድ ነው የሚጨምሩት፣ ቲፕ አይደለም። ቲፑን ከታክስ በፊት ባለው ላይ አስሉት። ደሞ እባካችሁ መኪና ውስጥ ሻንጣም ጃኬትም አትተዉ፣ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ መስታወት ተሰብሮ እንዳታገኙ።

ኮሎራዶ_ነኝ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። ባለቤቴ ስለ አሳ ሶሱና ስለ ላርዱ ስታነብ "ይሄን እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም" አለች። ኤልኤና ሳንዲያጎስ? ኤልኤ በጣም ሰፊ ስለሆነ የት እንደምጀምር አላውቅም፣ ሆቴላችን ሚድ ሲቲ አካባቢ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ስንወርድ መንገድ ላይ ምሳ የምንበላበትም ንገሩኝ።

ፌርፋክስ_ጎዳና፦

በአይ ፋይቭ ከወረድክ ፈጣን ነው ግን ለምሳ ብዙ የሚያስቆም ነገር የለም። ጊዜ ካለህ በ101 መንገድ ና፣ ሳንታ ማሪያ ላይ በቀይ ኦክ እንጨት ፍም የሚጠበስ የበሬ ስጋ አለ፣ ትራይ ቲፕ ይሉታል፣ ከፒንኪቶ ባቄላ ጋር ነው የሚመጣው። ጥብስ የሚወድ ሀበሻ እሱን ሳይቀምስ ማለፍ የለበትም። የፆም ቀን ከሆነባችሁ ግን እዛ አትቁሙ።

ኤልኤ የሚገርመው ነገር ጥሩው ምግብ ያለው ስትሪፕ ሞል ውስጥ ነው፣ በአንድ በኩል ላውንደሪ በሌላ በኩል ጥፍር ቤት፣ መሃል ላይ ያለችው ጠባብ በር። ይሄን ለአለም ያስተማረው ጆናታን ጎልድ ነው፣ የኤልኤ የምግብ ፀሃፊ ነበር፣ በ2007 ፑሊትዘር የሚባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ሲሸለም ከምግብ ቤት ሃያሲዎች የመጀመሪያው ነው፣ በ2018 አረፈ፣ እሱ የጀመረው የኤልኤ ታይምስ 101 ቤቶች ዝርዝር እስካሁን በየአመቱ ይወጣል፣ ከዛ ውስጥ ርካሾቹን መርጠህ ሂድ። ደሞ መስኮቱ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚል ፊደል ታያለህ፣ ካውንቲው ከ1998 ጀምሮ የሚሰጠው የንፅህና ደረጃ ነው።

ርቀቱን ግን አትናቅ። "20 ደቂቃ ነው" ብሎህ በ5 ሰዓት ፒኤም ስትወጣ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ስለዚህ በየቀኑ ያላችሁበት አካባቢ ምን አለ ብለህ ምረጥ። ሚድ ሲቲ ካላችሁ ላ ብሬያና ቬኒስ ጥግ ላይ ሊዮስ ታኮ ትራክ አለ፣ ማታ ማታ አል ፓስቶር ከሚዞረው ስጋ ላይ እየቆረጡ ይሰጧችኋል፣ የአሳማ ስጋ ነው፣ ለማይበላ ሌላ ስጋም አላቸው። ኮሪያ ታውን ቅርባችሁ ነው፣ ስጋውን ጠረጴዛው ላይ የምትጠብሱት ራሳችሁ ናችሁ፣ ልጁ በጣም ነው የሚደሰተው።

አሁን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሊትል ኢትዮጵያን እንዳታልፉት። ፌርፋክስ ላይ ከኦሎምፒክ በታች ያለችው አጭር መንገድ በ2002 በከተማው ምክር ቤት በይፋ ስሙ የተሰጣት ናት፣ በስማችን የተሰየመ ሰፈር ማለት ቀላል ነገር አይደለም፣ ለወንድምህ አሳየው። ከመስከረም 26 በኋላ እዚህ የምትደርሱ ከሆነ ደሞ ለባለቤትህ የተሻለ ቦታ ከወዴት ይመጣል፣ ጭራሽ ሁሉም ምግቡ ቪጋን የሆነ የሀበሻ ቤትም እዛው አለ። ፈረንጆቹ ሽሮና ጎመን ለመብላት ተሰልፈው ሲያይ ወንድምህ ራሱ ደስ ይለዋል።

ሳንዲያጎ_ኖርዝ_ፓርክ፦

ሳንዲያጎ ከሆነ ጋስላምፕ የሚባለው የቱሪስት ሰፈር ለፎቶ ነው፣ ለመብላትና ለመጠጣት 30ኛ ስትሪት ኖርዝ ፓርክ ኑ። ይሄ ከተማ በሆፕስ የበዛ መራራ አይፒኤ የታወቀ ነው፣ ወንድምህ የሀገር ቤቱን ቀለል ያለ ቢራ (ላገር) ከለመደ መጀመሪያ ሲቀምሰው ይመረው ይሆናል፣ ሙሉ ብርጭቆ ከማዘዝ "ፍላይት" ይዘዝ፣ አራት ትንንሽ ብርጭቆ የተለያየ ቢራ ይመጣለታል፣ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ መራራው ይሂድ። ታፕሩሞቹ (የብሩወሪዎቹ መጠጫ ቤቶች) ልጅ በአብዛኛው ያስገባሉ፣ ጓሮ ያላቸውም አሉ።

ምግብ በአሳ ታኮ ጀምሩ፣ ከዛ ካሊፎርኒያ ቡሪቶ፣ ውስጡ ካርኔ አሳዳ (የተጠበሰ የበሬ ስጋ)ና የድንች ጥብስ ነው ያለው። ከሜክሲኮ ድንበር ጋር ስለተጠጋን ቹላ ቪስታ ያለው ታኮስ ኤል ጎርዶ ከቲኋና የመጣ ቤት ነው፣ ሰልፉ እንደ ስጋው አይነት ይለያያልና የምትፈልጉትን ስጋ አይታችሁ ተሰለፉ። ኮንቮይ ስትሪት ደሞ የኮሪያ የጃፓን የቻይና ሁሉ አለ፣ ለፆም ቶፉ ሾርባ ጥሩ ነው ግን እንቁላልና የባህር ነገር እንዳያስገቡበት ተናገሩ።

ኮሎራዶ_ነኝ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ወንድሜ 27 አመቱ ነው ግን ልጅ ነው የሚመስለው፣ መታወቂያ ቢጠይቁት የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይሰራል?

ባላርድ_ሰፈር፦

አይሰራም፣ ፋይዳ ካርዱም እንደዛው። በተለይ ዋሽንግተን ውስጥ የምንቀበላቸው መታወቂያዎች ዝርዝር አለን፣ የውጪ ሀገር ሰው ሲሆን ፓስፖርት ነው፣ ዋናውን፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቢያሳየኝ ልሰጠው አልችልም፣ ጥፋቱ እኔ ላይ ነው የሚመጣው። 50 አመት የሚሆነው ሰው እንኳን ይጠየቃል፣ ስለዚህ ቅር እንዳይለው አስቀድመህ ንገረው። አንተም መንጃ ፈቃድህ ኤክስፓየር እንዳላደረገ እይ፣ ቀኑ ያለፈበት ከሆነ አንቀበልም። ማታ ብሩወሪ ስትሄዱ መኪናውን ሆቴል ተዉት፣ ባላርድ ባቡሩ ስለማይደርስ አውቶብስ ወይ ኡበር ያዙ። የምትደርሱበትን ቀን ፃፍልኝ፣ በዛ ሳምንት የትኛው ቤት ፍሬሽ ሆፕ እየቀዳ እንደሆነ ጠይቄ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።